ከቢራቢሮው በፊት ተክሉን ማወቅ፦ በብሪታኒያ ገጠር ቢራቢሮ የማየትና ፎቶ የማንሳት ማብራሪያ

በብሪታኒያ ገጠር በበጋ ካሜራ አንግቦ የወጣ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሲሯሯጥ ይውላል። ነጭ ወይም ቡናማ ነገር ብልጭ ሲል ይከተላል፤ ሲደርስ አበባው ባዶ ነው። ማዶ እንደገና ብልጭ ይላል፤ እሱም እንደገና ይነሳል። ቢራቢሮ ግን ዝም ብሎ የሚንከራተት ፍጥረት አይደለም። የት እንደሚያርፍ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የትኛውን ተዳፋት እንደሚመርጥ የሚወስኑ ምክንያቶች አሉት። እነዚህን ያወቀ ሰው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በዚህ መጠበቅ ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ካሜራ ከማውራቴ በፊት ስለ ቢራቢሮው ኑሮ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋና ክረምት ስልም የብሪታኒያን ሞቃትና ቀዝቃዛ ወቅት ማለቴ ነው።

በብሪታኒያ በመደበኛነት የሚታዩት የቢራቢሮ ዝርያዎች ወደ 60 ይጠጋሉ። ዘመዶቻቸው የእሳት እራቶች 2,500 ያህል ዝርያ እንዳላቸው ሲታሰብ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ለጀማሪ ግን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በትዕግሥት የሚመለከት ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹን በስም ሊለያቸው ይችላል።

ምግቡ ያለበት ቦታ

የነገሩ ሁሉ መነሻ አባጨጓሬው ነው። ክንፍ ያወጣው ቢራቢሮ ከብዙ ዓይነት አበባ ወለላ ይቀስማል፤ አባጨጓሬው ግን መራጭ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በአባጨጓሬነታቸው ከአንድ ወይም ከጥቂት ተክሎች በቀር አይበሉም፤ እናቲቱም እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ተክሉ በሌለበት አገር ቢራቢሮውን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ተክሉ ባለበት ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሳማ በበቀለበት የእርሻ ዳር ፒኮክ የሚባለውን፣ በቀይ ክንፎቹ ላይ አራት ትልልቅ ዓይን መሰል ክቦች ያሉትን ቢራቢሮ መጠበቅ ይቻላል፤ ጥቋቁር አባጨጓሬዎቹ ሳማው ላይ በመንጋ ሆነው ይበላሉ። ብሪምስቶን የተባለው ቢጫ ቢራቢሮ የሚያድገው በሁለት ቁጥቋጦዎች ላይ ሲሆን፣ አንደኛው የጌሾ የቅርብ ዘመድ ነው። ፐርፕል ኤምፐረር የሚባለው የጫካ ቢራቢሮ የአኻያ ዘመዶችን ይሻል። በደቡብ እንግሊዝ ሰሴክስ ውስጥ ኔፕ በሚባለው ሰፊ ርስት፣ የእርሻ መሬት ተትቶ ይህ የአኻያ ዓይነት በራሱ ሲስፋፋ ፐርፕል ኤምፐረርም በብዛት መጥቶ ሰፍሯል። በብሪታኒያ ትልቁ የሆነው ስዋሎውቴይል ደግሞ ከኖርፎክ ረግረጋማ ሐይቆች ውጭ አይራባም፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ዘር የሚያድገው ሚልክ ፓርስሊ በተባለ የረግረግ ተክል ላይ ብቻ ነው። እሱን ለማየት ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ላይ ስትራምፕሾው ፌን ወይም ሂክሊንግ ብሮድ ወደተባሉት ጥብቅ ሥፍራዎች መሄድ ነው እንጂ ሌላ ቦታ በአጋጣሚ አገኘዋለሁ ብሎ መመኘት አያዋጣም።

ተክሉን ማወቅ ቢራቢሮው በማይበርበት ቀንም ይጠቅማል። ኦሬንጅ ቲፕ የተባለውን የጸደይ ቢራቢሮ እንውሰድ። ወንዱ ነጭ ክንፉ ጫፍ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም አለው። ሴቲቱ በእርጥብ መስክና በአጥር ሥር በሚበቅሉ የጎመን ዘመዶች ላይ፣ ከአበባው እንቡጥ ሥር አንድ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ወደ ብርቱካናማነት ይለወጣል፤ ያኔ ጎንበስ ብሎ ለሚፈልግ ሰው በዓይን ብቻ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የአበባ ራስ ላይ ከአንድ በላይ የማይገኘው አባጨጓሬዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ ነው፤ እናቲቱ ሌላዋ ቀድማ የጣለችበትን አበባ አልፋ ትሄዳለች። ደመናማ በሆነ የኤፕሪል ቀን ክንፍ ሳይታይ ከተመለሰ ሰው ይልቅ፣ ይህን እንቁላል አግኝቶ የተመለሰ ሰው ስለ ቢራቢሮው የበለጠ ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

ፀሐይና ሰዓት

ቢራቢሮ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ለመብረር የደረቱ ጡንቻዎች ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለባቸው፤ የብሪታኒያ አየር ደግሞ በበጋም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። በዚህ ምክንያት የቀኑን ሰፊ ክፍል የሚያሳልፈው ሙቀት በመሰብሰብ ነው። ጠዋት ላይ በሞቀ ድንጋይ፣ በተራቆተ አፈር ወይም በደረቀ ቅጠል ላይ ክንፉን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ያኔ ስለበረደው በቀላሉ አይነሳም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ ክንፉን ይገጥማል፤ እረፍትም ያጣል። ለፎቶ አስቸጋሪው ሰዓት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ለሽርሽር የሚወጣው ግን በዚሁ ሰዓት ነው።

የቀጭን ደመና ቀን የተሻለ ነው። ፀሐይዋ ለጥቂት ደቂቃ ስትሸፈን በራሪዎቹ በያሉበት ያርፋሉ፤ የቀረችውን ሙቀት ለመሰብሰብም ክንፋቸውን ይዘረጋሉ። ብርሃኑም ለስላሳ ስለሚሆን የክንፉ ቀለም ሳይነጣ ይወጣል። ፀሐይና ደመና የሚፈራረቁበት ቀን ለዚህ ሥራ ከጠራ ሰማይ ይበልጣል።

ሳይንቲስቶች ቢራቢሮ ሲቆጥሩ የሚከተሉት ደንብም ለፎቶ አንሺ ጥሩ መመሪያ ነው። በ1970ዎቹ ኧርነስት ፖላርድ በካምብሪጅሸር ሞንክስ ዉድ የተባለ ጫካ ውስጥ ባዘጋጀው ዘዴ መሠረት፣ ቆጣሪው በአንድ የተወሰነ መንገድ ላይ በየሳምንቱ እየተራመደ 5 ሜትር ስፋት ውስጥ የሚያየውን ሁሉ ይመዘግባል። ዘዴው ከ1976 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ እየተሠራበት ነው። ቆጠራው የሚካሄደው ከረፋዱ 4፡45 እስከ ቀኑ 9፡45 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ አይወጣም፤ ከ13 እስከ 17 ባለው መካከል ፀሐይ በብዛት መኖር አለባት፤ ከ17 በላይ ከሆነ ዝናብ እስካልጣለ ድረስ ደመናም ቢሆን ይሠራል። ከዚህ ደንብ ያፈነገጠም አለ፤ ሪንግሌት የሚባለው ጠቆር ያለ የሣር ሜዳ ቢራቢሮ ሌሎቹ በተደበቁበት ደመናማ ቀን፣ አንዳንዴም በካፊያ ውስጥ ሲበር ይታያል።

በጫካ መንገድ ላይ የሚታየው ስፔክልድ ዉድ ስለ ቦታ ይዞታ ብዙ ያስተምራል። ወንዱ በቅጠል መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ብርሃን ክብ ይይዝና ሌላ ወንድ ሲመጣ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ያባርረዋል። ተመራማሪው ኒክ ዴቪስ በ1978 ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው ዋይተም ጫካ ያደረገውን ጥናት ሲያወጣ፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አስቀድሞ ክቡን የያዘው መሆኑን አሳየ። ለፎቶ አንሺ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ቢራቢሮው ደንግጦ ከተነሳ ካሜራውን እንደያዙ ባሉበት መቆም ይገባል፤ ባለቤቱ ወደ ክቡ፣ ብዙ ጊዜም ወደዚያው ቅጠል ይመለሳል። አበባ ለአበባ የሚዞረውን ሳይሆን ቦታ ይዞ የሚጠብቀውን መምረጥ ድካምን በግማሽ ይቀንሳል።

ወቅት

የአንድ ቢራቢሮ የክንፍ ዕድሜ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ነው። በአንድ ቦታ ላይ ያለ ዝርያም ወሩን ጠብቆ ይወጣና ይጠፋል። ሳምንቱን የሳተ ሰው ዓመት ይጠብቃል። ብሪምስቶን ክረምቱን በክንፉ ስለሚያሳልፍ በማርች የመጀመሪያው ሞቃት ቀን ይነሳል፤ ኦሬንጅ ቲፕ ኤፕሪል ላይ ይከተላል፤ ፐርፕል ኤምፐረር ከጁን መጨረሻ ጀምሮ በጁላይ ይታያል። ጁላይና ኦገስት ከሁሉም የበለጸጉ ወሮች ናቸው። ወንዶቹ በአብዛኛው ከሴቶቹ ጥቂት ቀን ቀድመው ስለሚወጡ፣ ያልተበጠሰና ቅርፊቱ ያልረገፈ ክንፍ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው የወቅቱን የመጀመሪያ ሳምንት ማለፍ የለበትም።

አንዱ ዝርያ ግን ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ነው። ፔይንትድ ሌዲ የሚባለው ብርቱካናማና ጥቁር ቢራቢሮ የብሪታኒያን ክረምት አይችልም፤ በየዓመቱ ከደቡብ፣ ከሰሜን አፍሪካና ከሰሃራ ማዶ ጭምር የተነሳ ጉዞ ትውልድ በትውልድ እየተተካ ብሪታኒያ ይደርሳል። ለረዥም ጊዜ የበጋው ልጆች በሰሜን ቀርተው በብርድ የሚያልቁ ይመስል ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት ግን በራዳር ታግዞ በመጸው ወቅት ተመልሰው ወደ ደቡብ እንደሚሄዱ አሳየ፤ እስከዚያ ድረስ ያልታዩት ከሰው ዓይን በላይ፣ በመቶዎች ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበሩ ነው። ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋም ይኖራል። በ2009 እና በ2019 ወደ ብሪታኒያ በጎርፍ መልክ ገብቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ዓመት በኮሸሽላ አበባ ላይ በቀላሉ ይገኛል።

አንድ ሰማያዊ ቢራቢሮ እንዴት ጠፍቶ እንደተመለሰ

ተክሉን ብቻ ማወቅ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ላርጅ ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ቢራቢሮ ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል፤ ለእኔ በብሪታኒያ የተፈጥሮ ጥበቃ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ትምህርት የለም።

ሴቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በጦስኝ እንቡጥ ላይ ነው። አባጨጓሬው ለሦስት ሳምንት ያህል አበባውን ይበላና፣ ገና የሩዝ ፍሬ እንኳ ሳያህል፣ አንድ ምሽት ራሱን ወደ መሬት ይጥላል። እዚያ የሚጠብቀው ቀይ ጉንዳን ነው። ጉንዳኑ ሲያገኘው አባጨጓሬው ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣለታል፤ ከዚያም ቆዳውን ወጥሮ የጉንዳን እጭ ይመስላል። ጉንዳኑ የጠፋ የቤቱ ልጅ ያገኘ መስሎት በአፉ አንጠልጥሎ ወደ ጎጆው ያስገባዋል። አባጨጓሬውም አሥር ወር ያህል ከመሬት በታች ተቀምጦ የአስተናጋጆቹን እጮች ይበላል። ጉንዳኖቹ የማይገድሉት ሽታው ስለሚያታልላቸው ብቻ አይደለም፤ የንግሥታቸውን ድምፅ የሚመስል ድምፅ እንደሚያሰማ በ2009 ተረጋግጧል። በጁን አንድ ጠዋት ከጎጆው ወጥቶ ሣር ላይ ይወጣና ክንፉን ያደርቃል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ላርጅ ብሉ እየተመናመነ ሲሄድ ተጠያቂ የተደረጉት ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ቦታዎቹ ታጠሩ። መመናመኑ ግን ባሰ፤ ምክንያቱም አጥሩ ሰብሳቢዎቹን ብቻ ሳይሆን ከብቶቹንም አስወጣ። ጄረሚ ቶማስ የተባለው ሳይንቲስት በ1970ዎቹ በቦታው ተቀምጦ ሲያጠና ምስጢሩን አገኘው። አባጨጓሬው በደንብ የሚተርፈው በአንድ የቀይ ጉንዳን ዝርያ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ያ ጉንዳን ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ የምታሞቀውን፣ ሣሩ ተግጦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የቀረበትን ተዳፋት ይፈልጋል። በ1950ዎቹ ጥንቸሎች በወረርሽኝ ሲያልቁና ገበሬዎች በገደላማው መሬት ላይ ከብት ማሰማራት ሲተዉ ሣሩ ረዘመ፣ አፈሩ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑም ቦታውን ለሌሎች የጉንዳን ዝርያዎች ለቀቀ። ጦስኙ አሁንም ያብባል፤ ቢራቢሮው ግን የለም። ግኝቱ የደረሰው ዘግይቶ ነበርና በ1979 ላርጅ ብሉ ከብሪታኒያ ጠፋ።

ከ1983 ጀምሮ ከስዊድኗ ኦላንድ ደሴት የመጡ አባጨጓሬዎች ግጦሽ በተመለሰባቸው ተዳፋቶች ላይ ተለቀቁ፤ ሥራውም ተሳካ። ዛሬ ሶመርሴት ውስጥ ኮላርድ ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ማንም ሰው በጁን አጋማሽና መጨረሻ ሄዶ ሊያየው ይችላል። እዚያ የሚሄድ ፎቶ አንሺ ከመንገዱ ወጥቶ ሲረግጥ ከእግሩ ሥር ያለው ሣር ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ አለበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ትውልድ እዚያው ጦስኝ እንቡጥ ላይ፣ ከዚያም ጉንዳን ጎጆ ውስጥ ነው።

መቅረብና ማንሳት

የቢራቢሮ ዓይን ዝርዝር ባያይም እንቅስቃሴን በፍጥነት ይለያል። የሚያስደነግጠው ከሰውየው ግዝፈት ይልቅ ድንገተኛ እንቅስቃሴውና በላዩ ላይ የሚወድቀው ጥላ ነው። ስለዚህ ከመጠጋት በፊት ፀሐይዋ የት እንዳለች ማየት፣ ጥላው ወደ ሌላ ጎን እንዲሄድ መዞር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ መቅረብ ያስፈልጋል። ክንድን ከፍ ማድረግ ሰማዩን ከጀርባ አድርጎ እንቅስቃሴውን አጉልቶ ስለሚያሳይ ካሜራው ገና ከሩቅ ፊት ላይ ቢደረግ ይሻላል። ሣሩንም መንካት የለብንም፤ አንድ ዘለላ ሲነቃነቅ ቢራቢሮው ያረፈበት ዘለላ አብሮ ይነቃነቃል። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ ሁለት ማንሳት፣ ከዚያ እየተጠጉ መቀጠል ብልህነት ነው፤ ቢበር እንኳ ለመለየት የሚበቃ ፎቶ ተገኝቷል።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያሰናክለው ነገር እንምጣ። ካሜራ ወደ ትንሽ ነገር በቀረበ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው የቦታ ውፍረት ይሳሳል። ሴንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ትልቅ በሆነ ካሜራ፣ ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ ግማሽ ሴንሰሩ ላይ የሚያሳርፍ ርቀት ላይ ቆመን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ብናደርግ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሙሉ መጠኑ ከሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። ኮመን ብሉ የተባለው ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ክንፉን ሲዘረጋ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሌንሱ ትንሽ ዘንበል ካለ አንዱ ክንፍ ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል።

መፍትሔው ከገንዘብ ይልቅ ከአቋም ይገኛል። ክንፉ የተገጠመ ከሆነ የካሜራው ጀርባ ከክንፉ ጋር ትይዩ እንዲሆን ከጎን መቆም፤ የተዘረጋ ከሆነ ከላይ ቀጥ ብሎ ማንሳት ነው። እንደ ወረቀት ስስ የሆነው ክንፍ ያን ጊዜ በሙሉ በዚያች ሦስት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይገባል። ቀዳዳውን ኤፍ 16 ድረስ ማጥበብ ውፍረቱን በእጥፍ ይጨምራል፤ ነገር ግን ብርሃን ስለሚያንስ መዝጊያው ይዘገያል፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሣርም ፎቶውን ያደበዝዘዋል። በእጅ ለሚያነሳ ሰው ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ የመዝጊያ ፍጥነት ከሰከንድ 1/500ኛ ገደማ፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ደግሞ እነዚህን የሚያስችል ያህል ከፍ ብሎ መነሳት ጥሩ ጅምር ነው። ፎከሱ ዓይኑ ላይ ይሁን፤ ዓይኑ ከደበዘዘ የክንፉ ውበት ፎቶውን አያድነውም።

ሌንስን በተመለከተ 90 ወይም 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገርን በቅርበት ለማንሳት የተሠራ) ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 300 ሚሊ ሜትር የሆነና በቅርብ ርቀት ፎከስ የሚያደርግ ሌንስ ደግሞ ለድንጉጦቹ ይረዳል። የስልክ ካሜራም አይናቅም፤ ጥሩ የሚሠራው ግን ቢራቢሮው ገና ባልሞቀበት ጠዋትና ለማደር በሚሰበሰብበት ምሽት ነው። ሰማያዊዎቹ ቢራቢሮዎች ሲመሽ ረዣዥም ሣር ላይ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በቡድን ያድራሉ። ንጋት ላይ ጤዛ ክንፋቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሳይንቀሳቀሱ ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተክሎ በዝግታ መሥራት ይቻላል። ቢራቢሮ ይዘው በማቀዝቀዣ አፍዝዘው አበባ ላይ አስቀምጠው የሚያነሱ ሰዎች አሉ። ይህ በእንስሳው ላይ ጉዳት፣ በተመልካቹም ላይ ማታለል ነው፤ ንጋት ላይ መነሳት ይቻላልና ምንም ሰበብ የለውም።

ፎቶው ለመለየትም እንዲያገለግል የክንፉ ላይኛውም ታችኛውም ገጽ መነሳት አለበት። ግሪን ሄርስትሪክ የተባለው አረንጓዴ ቢራቢሮና ብሪምስቶን ሲያርፉ ሁልጊዜ ክንፋቸውን ስለሚገጥሙ የላይኛውን ገጽ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከሰማያዊዎቹ መካከል አዶኒስ ብሉ ከኮመን ብሉ የሚለየው በክንፉ ዳር ባለው ነጭ ጠርዝ ነው፤ የአዶኒሱን ጠርዝ ጥቋቁር መስመሮች ይቆራርጡታል፣ የኮመኑ ጠርዝ ግን ንጹሕ ነጭ ነው። ስሞል ስኪፐርና ኤሴክስ ስኪፐር ደግሞ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የአንቴናቸው ጫፍ የታችኛው ክፍል ነው። በኤሴክሱ ላይ ቀለም የተነከረ ያህል ጥቁር፣ በስሞሉ ላይ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው። ለዚህ መሬት ላይ ተኝቶ ከፊት ለፊት ማንሳት ያስፈልጋል።

ፐርፕል ኤምፐረር የራሱ ፈተና አለው። የወንዱ ሐምራዊ ቀለም ከቅርፊቶቹ አሠራር የሚመጣ የብርሃን ነጸብራቅ ስለሆነ የሚታየው ከተወሰነ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከሌላው በኩል ሲያዩት ጥቁር ቡናማ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ክንፍ ሐምራዊ ሆኖ ሌላው ጨለማ ይሆናል። ዛፍ አናት ላይ የሚውል ቢሆንም ጠዋት ላይ ጨውና ማዕድን ፍለጋ ወደ እርጥብ መንገድና ወደ እንስሳት ፋንድያ ይወርዳል። አንዴ መምጠጥ ከጀመረ ሰው አጠገቡ ቢንበረከክም ግድ አይሰጠውም፤ በዙሪያው ቀስ እያሉ ሁለቱም ክንፎች የሚያበሩበትን ማዕዘን መፈለግ ነው።

የት መሄድ፣ ምን መጠንቀቅ

ለንደን ለሚኖር ሰው ሱሪ (Surrey) በተባለው አውራጃ ውስጥ ያሉት የጠመኔ ኮረብታዎች ቅርብ ናቸው። በባቡር ቦክስ ሂል ጣቢያ ወርዶ፣ ከሸለቆው ማዶ ዴንቢስ ሂልሳይድ ወደተባለው ደቡብ ዞር ተዳፋት መሄድ ይቻላል። እዚያ መሬት ለመሬት የሚሄደው፣ ቢጫ አበባ ያለው ሆርስሹ ቬች የተባለ ተክል አለ፤ የአዶኒስ ብሉና የቾክሂል ብሉ አባጨጓሬዎች የሚበሉት እሱን ብቻ ነው። ኦገስት ላይ ሁለቱም አብረው ይበራሉ፤ አዶኒሱ ሰማይ የሚያስንቅ ደማቅ ሰማያዊ፣ ቾክሂሉ ደግሞ ብርማ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ የግል መሬት ላይ እንደልብ መሄድ አይፈቀድም፤ የሕዝብ የእግር መንገዶች ግን አገሩን ሁሉ ያቋርጣሉ። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የብሪታኒያ የካርታ ድርጅት በሚያወጣው 1፡25,000 ካርታ ላይ በአረንጓዴ ሰረዝ ይታያሉ። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው ሕግ መብቱ ሰፋ ያለ ነው። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ሲመለሱም ገላን መፈተሽ ይገባል፤ ሣር ውስጥ ያለው መዥገር የላይም በሽታ ያስተላልፋል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ላርጅ ብሉን፣ ስዋሎውቴይልንና ሌሎች ጥቂት ዝርያዎችን ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል፤ ፎቶ ማንሳት አይከለከልም፣ መያዝና መግደል ግን ወንጀል ነው። በ2017 ላርጅ ብሉ ይዞ የገደለ አንድ ሰው በገደብ የስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል።

በ1968 የተመሠረተው በተርፍላይ ኮንሰርቬሽን የተባለው ማኅበር በየበጋው ማንም ሰው 15 ደቂቃ ቆሞ ያየውን እንዲቆጥር ይጋብዛል፤ በ2024 ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ማኅበሩ የቢራቢሮ አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ነበር። ቀንና ቦታ ያለው ግልጽ ፎቶ ለእንዲህ ያለው መዝገብ ማስረጃ ይሆናል። ብርቅ ዝርያ ሲገኝ ግን ትክክለኛውን ቦታ ለመዝጋቢዎቹ መስጠትና ለሕዝብ በሚታየው ፎቶ ላይ አለመግለጽ ይሻላል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ እግር ከመጣ ተክሉ ይረገጣል።

ክረምት ሲገባም ሥራው አያልቅም። ብራውን ሄርስትሪክ የተባለው ቢራቢሮ በበጋ ዛፍ ላይ ተደብቆ ስለሚውል እምብዛም አይታይም። እንቁላሎቹ ግን ብላክቶርን በሚባለው እሾሃማ የአጥር ቁጥቋጦ ላይ ይከርማሉ። ጃንዋሪ ላይ ቅጠሉ ረግፎ ሳለ የለጋ ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ፣ እሾሁ ሥር፣ የመርፌ ራስ የምታህል ነጭ ነጥብ ካለች ያቺ ናት። በማክሮ ሌንስ ሙሉ መጠን ሲነሳ ገጽዋ እንደ ባሕር ጃርት ሸካራና ወጣ ገባ መሆኑ ይታያል። እንቁላሉ የተገኘበትን አጥር ለመሬቱ ባለቤት መንገር ጠቃሚ ነው፤ ገበሬው አጥሩን በየዓመቱ በማሽን ሲከረክም አብዛኞቹ እንቁላሎች አብረው ስለሚቆረጡ፣ በተራ በተራ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ እንዲከረክም ሊጠየቅ ይችላል።